የተከለከለውን ፊፍዝ የፈታልኝ ፔዳል፦ ቦስ ዲኤስ-1 በፓንክ ባንድ ውስጥ

ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። የምገመግመው አንድ ትንሽ ብርቱካናማ ሳጥን ነው። ቦስ ዲኤስ-1 ይባላል፤ የዲስቶርሽን ፔዳል ነው። ከኤሌክትሪክ ጊታሩና ድምፁን ከሚያጎላው አምፕ መሃል ይገባል፣ በእግር ይረገጣል፣ ድምፁ ይሻክራል። ሥራው ይሄው ነው። እኔ ግን ከ30 ዓመት በላይ ሃርሞኒና ካውንተርፖይንት (የተለያዩ ዜማዎችን በአንድ ጊዜ አብሮ ማስኬድ) ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ለስትሪንግ ኳርቴት (ሁለት ቫዮሊን፣ ቪዮላና ቼሎ) እና ለመዘምራን ስጽፍ ነው የኖርኩት። ፓንክ ሮክ መጫወት የጀመርኩት 60ን አልፌ፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። እና ይህ ሳጥን ስለ ሃርሞኒ አውቃለሁ ከምለው ውስጥ ብዙውን እንደገና አስጠንቶኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ስረግጠው ከርሜ ነው የምጽፈው።

ወደ ፓንክ ያስገባኝ የድሮ ተማሪዬ ነው። ጎበዝ ቤዝ ተጫዋች ነው፤ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ባንድ ነበረው። አንድ ቀን ሊጠይቀኝ መጣና ስለ ሥራው ስንጫወት ስልኩን አውጥቶ «ፕሮፌሰር፣ ይሄን ዝም ብለው ይስሙልኝ» አለኝ። ራሞንስ የሚባለው የኒው ዮርክ ፓንክ ባንድ የመጀመሪያ አልበም ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው። 14 ዘፈን ነው፤ ሁሉም ተደምሮ 29 ደቂቃ ገደማ። ለመቅዳት የወጣው ገንዘብ 6,400 ዶላር አካባቢ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዘፈኖች ደንግጬ ነበር። አራተኛው ላይ ግን ማዳመጥ ጀመርኩ። መግቢያ የለም፣ ማሳመሪያ የለም፣ አንድ ሐሳብ ይመጣል፣ ይባላል፣ ያልቃል። ተማሪዎቼን «የማያስፈልገውን ኖታ አውጡ» እያልኩ ስንት ዓመት ለፈለፍኩ፤ እነዚህ ልጆች ግን ማንም ሳያስተምራቸው ሁሉንም አውጥተውታል። አልበሙ ሲያልቅ «ድገመው» አልኩት።

ከኖታ ወረቀት ወደ ፓንክ የሚወስደውን መንገድ የጀመርኩት እኔ አይደለሁም። ሪስ ቻታም የሚባል የኒው ዮርክ ኮምፖዘር አለ። ከኮምፖዘሩ ላ ሞንቴ ያንግ ጋር የሠራ፣ ዘ ኪችን በሚባለው የኪነ ጥበብ ቤት የመጀመሪያው የሙዚቃ ዳይሬክተር የነበረ ሰው ነው። በ1976 ሲቢጂቢ የሚባለው ክለብ ገብቶ ራሞንስን ሰማ። በማግስቱ ዓመት ለኤሌክትሪክ ጊታሮች መጻፍ ጀምሮ ነበር። በ2005 ደግሞ ፓሪስ ውስጥ ሳክሬ ከር ባሲሊካ ላይ 400 ጊታር አሰልፎ ሥራውን አቅርቧል። እሱ ነገሩ ሲገባው ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። እኔን ደግሞ እንደዚህ ዘግይቶ ያዘኝ። መቼም ጆሮ በራሱ ጊዜ ነው የሚከፈተው።

አሁን ወደ ፔዳሉ። ቦስ የሮላንድ ኩባንያ ነው፤ ዲኤስ-1ን ያወጣው በ1978 ነው፣ እስከ ዛሬም ይመረታል። የኒርቫና ባንዱ ኩርት ኮቤይን ይጠቀምበት ነበር፤ ብዙ ሰው የሚያውቀውም በእሱ ነው። ሳጥኑ ብረት ነው፤ ከባድ ነው፤ እግር ስር ሲውል አይንሸራተትም። ሦስት ማዞሪያዎች አሉት፦ ቶን፣ ሌቭል፣ ዲስት። ከዚህ ሌላ የሚነካ የለውም። በዕድሜ ለገፋ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በሜኑ የተሞላ፣ እንደ መርፌ ቀዳዳ የምታንስ ስክሪን ያለው ዕቃ ሞክሬ አውቃለሁ፤ መነጽሬን ሳደርግና ሳወልቅ ዘፈኑ ያልቅ ነበር።

አንድ ነገር ከአሁኑ ልበል። የራሞንስ ድምፅ ከፔዳል የመጣ አይደለም። የባንዱ ጊታር ተጫዋች ጆኒ ራሞን ጊታሩን በቀጥታ ማርሻል በሚባል አምፕ ላይ ሰክቶ ድምፁን ወደ ላይ እየለቀቀ ነበር የሚጫወተው። ያንን ቤታችሁ ውስጥ ብትሞክሩት ጎረቤት በር ያንኳኳል፣ ልክም ነው። ፔዳሉ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ አምፑ እንደ ተራ ወሬ ዝቅ ብሎ እያለ ያንን ሻካራ ድምፅ ታገኛላችሁ። ማርሻል አይሆንም። የበለጠ ሹል፣ የበለጠ ደረቅ ነው። ለኔ ግን ተስማምቶኛል፤ ደረቅነቱ እያንዳንዱን ምት ለይቶ ያሰማል።

ውስጡ የሚሆነውን ላስረዳ፤ እኔን የማረከኝ ይሄ ነውና። የጊታሩ ሲግናል መጀመሪያ በጣም ይጎላል። ከዚያ ሁለት ዳዮዶች (ትናንሽ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች) ይጠብቁታል፤ ሞገዱ ከተወሰነ ከፍታ ሲያልፍ አናቱን ይቆርጡታል። ክብ የነበረው ሞገድ ጫፉ እንደተላጨ ጉብታ ጠፍጣፋ ይሆናል። አናቱ የተቆረጠ ሞገድ ደግሞ ክሩ ላይ ደክመው የነበሩትን ወይም ጭራሽ ያልነበሩትን ድምፆች ይዞ ይወጣል። በሰከንድ 110 ጊዜ (110 ኸርዝ) የሚርገበገበው ኤ የሚባል ኖታ፣ ከተቆረጠ በኋላ 330፣ 550፣ 770 እያለ በጎዶሎ ብዜቶቹ ይጠነክራል። ሰው «ጫጫታ» የሚለው ይህንን ነው። ጫጫታ አይደለም፤ በሥርዓት የተደረደረ ድምፅ ነው።

ጊታር ያላችሁ ይህችን ሞክሩ። ወፍራሙን ክር 5ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ያዙ፤ ኤ ነው፣ 110 ኸርዝ። ቀጥሎ ያለውን ክር 4ኛው ፍሬት ላይ ያዙ፤ ሲ ሻርፕ ነው፣ 138.6። ሁለቱን አብራችሁ ምቱ። ሜጀር ሰርድ የሚባለው የሁለት ኖታ ርቀት ነው፣ ያለ ፔዳል ጣፋጭ ነው፣ እኔ በዚህ ርቀት ስንት ገጽ ጽፌያለሁ። አሁን ፔዳሉን ርገጡና ያንኑ ምቱ። ይንተከተካል። የጭቃ ድምፅ ይመጣል። ሲ ሻርፑን ትታችሁ ያንን ጣት ወደ 7ኛው ፍሬት ውሰዱት፤ ኢ ነው፣ 165 ገደማ። ምቱ። ጸጥ አለ አይደል? ኃይሉ እንዳለ ነው፣ እንዲያውም ጨምሯል፤ ግን ግድግዳ ይመስል ቀጥ ብሎ ቆመ። ፓወር ኮርድ የሚባለው ይሄ ነው፤ አንድ ኖታና ፊፍዙ (ከሱ ሲቆጠር አምስተኛው ኖታ)፣ ሌላ ምንም።

ምክንያቱን ለማወቅ አንድ ምሽት እርሳስና ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ሁለት ድምፅ አብሮ ሲቆረጥ እያንዳንዱ በየግሉ ብቻ አይባዛም፤ እርስ በርስ ይደመራሉ፣ ይቀናነሳሉ። ከ165 ላይ 110 ሲቀነስ 55 ነው። ይህ ከያዝነው ኤ አንድ ኦክታቭ በታች ያለው፣ በግማሽ ፍጥነት የሚርገበገበው ኤ ነው፤ ማንም አልመታውም፣ ጊታሩ ላይም የለም፣ ግን ይሰማል። ሌሎቹንም ብታሰሉ 220፣ 275፣ 330፣ 385፣ 440 እያለ ሁሉም የ55 ብዜት ነው። 275 ራሱ ሲ ሻርፕ ነው! ከጣቴ ያስወጣሁት ሰርድ ከፔዳሉ ውስጥ ነጥሮ ተመለሰ፣ ያውም ከፒያኖው ይልቅ ንጹሕ ሆኖ። በሰርዱ ግን ይህ አይሠራም። ልዩነቱ 28.6 ነው፣ ሌላው ውጤት 81.4፣ ሌላው 167.2፤ አንዱም ከሌላው ጋር አይገጥምም። ኢው የሚጨመርበት ሙሉ ኮርድ (ኤ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኢ አንድ ላይ) ከሆነማ 167.2 ከኢው ከ164.8 ጎን ይቆምና በሰከንድ ከ2 ጊዜ በላይ እየተጋፉ ድምፁን ያንቀጠቅጡታል።

ይሄ ሲገባኝ እርሳሴን አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ ዝም አልኩ። ካውንተርፖይንት የተማረ ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው ክልከላ አለ፤ ፓራለል ፊፍዝ አትጻፍ። ኮምፖዘሩ ፉክስ በ1725 ባሳተመው የካውንተርፖይንት መማሪያ ላይም አለ፣ እኔም ለስንት ተማሪ በቀይ እስክሪብቶ ከብቤዋለሁ። ክልከላው ምክንያት አለው። ሁለት ድምፆች በፊፍዝ ተያይዘው አብረው ሲንቀሳቀሱ ይዋሃዳሉ፤ ጆሮ ሁለት ሰው መስማቱን ትቶ አንድ ይሰማል። አራት ሰው ለየራሱ መንገድ እንዲዘምር ለሚጽፍ ሰው ይሄ ጥፋት ነው። የፓንክ ጊታር ግን የሚፈልገው በትክክል ይህንን ነው። ሁለት ኖታ፣ ሦስት ኖታ፣ ከነማይታየው ዝቅተኛ ኤ ጋር፣ አንድ አካል ሆኖ እንዲሄድ። ፉክስም ፓንኩም ስለ ፊፍዝ ያዩት አንድ ነገር ነው፤ የፈለጉት ግን ለየቅል ነው። የተማርኩት ሕግ ውሸት አልነበረም። የአንድ ቤት ሕግ ነበር፣ እኔ የዓለም ሁሉ ሕግ አድርጌ አስተማርኩት። ለዚህም የድሮ ተማሪዬን በግልጽ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ «ኧረ ፕሮፌሰር፣ ምን ያደርጋል» ብሎ አቀፈኝ።

(ለሚጠይቁ፦ ጆኒ ራሞን ብዙውን ጊዜ ሙሉ ባሬ ኮርድ (አንድ ጣት ክሮቹን ሁሉ ተጭኖ) ነበር የሚይዘው። ኮርዱም እንዳለ ወደ ላይ ወደ ታች ሲንሸራተት ፊፍዙ አብሮ ይንሸራተታል፣ ስለዚህ ነገሩ አይለወጥም። የሱ ድምፅ ግን ከፔዳል ያነሰ ስለሚቆረጥ ሰርዱን ይሸከመዋል። ዲኤስ-1 ላይ ዲስት ማዞሪያውን ዝቅ ካደረጋችሁ እናንተም ሙሉ ኮርድ መያዝ ትችላላችሁ።)

ከማዞሪያዎቹ ሁሉ ጊዜ የሚፈልገው ቶን የሚለው ነው። ወደ ቀኝ ከሄደ ድምፁ ጥርስ ያስነክሳል። ወደ ግራ ከሄደ ይታፈናል። መሃል ላይ ደግሞ አንድ ነገር አለው፤ መካከለኛው ድምፅ ይጎድለዋል፣ ዝቅተኛውና ከፍተኛው ይቀራል። ብቻችሁን ክፍል ውስጥ ስትጫወቱ ይሄ ግሩም ነው፣ ሰፊና ትልቅ ይመስላል። ባንድ ውስጥ ግን ችግር ነው። የመጀመሪያው ልምምድ ላይ በደንብ አስተካክዬው ሄጄ ነበር፤ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ድራም የምትመታው ልጅ ዱላዎቿን አቆመችና «ፕሮፌሰር፣ እጅዎ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ድምፅዎ ግን የለም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ዝቅተኛውን ቤዙ ወስዶታል፣ ከፍተኛውን ሲምባሉ ወስዶታል፣ ለኔ የቀረው መሃሉ ነበር፤ መሃሉን ደግሞ ፔዳሉ ወስዶታል። ይህ ተራ የኦርኬስትራ ጉዳይ ነው! ዓመታት ሙሉ «ቪዮላውን አትርሱ» እያልኩ አስተምሬ የራሴን ቪዮላ ረሳሁት። «እሺ ልጄ» አልኳትና አምፑ ላይ ሚድ የሚለውን ከፍ አደረግኩ፣ ፔዳሉ ላይ ቶኑን ከግማሽ በታች አወረድኩ፣ ዲስቱን ቀነስኩ። ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ለማንም የምሰጠው ምክር ይሄ ነው፦ ባንድ ውስጥ የምትጫወቱ ከሆነ ፔዳሉን ብቻችሁን ሆናችሁ አታስተካክሉት።

ዲስቱን መቀነስ ያልኩት በሌላም ምክንያት ነው። ጀማሪ ሁሉ እስከ ጥግ ያዞረዋል፣ እኔም አዙሬዋለሁ። ሲበዛ ግን የእጅ ልዩነት ይጠፋል፤ በቀስታ ብትመታም በኃይል ብትመታም አንድ ነው። ፓንክ ደግሞ በእጅ ነው የሚኖረው። ሁሉም ምት ወደ ታች ነው፣ ጆኒ ራሞን እንደሚያደርገው፣ ወደ ላይ መመለስ የለም። በደቂቃ 170 ምት የሚሄድ ዘፈን ላይ በእያንዳንዱ ምት ሁለቴ ስትመታ 340 ይሆናል፤ በሰከንድ ስድስት ጊዜ ገደማ። በኔ ዕድሜ የእጅ አንጓ ይህን ወዲያው አይቀበልም። እኔ በ120 ጀምሬ በየሳምንቱ 5 እየጨመርኩ ነው የደረስኩት፣ ሲያመኝም አቁሜ አርፌያለሁ። በክላሲክ ሙዚቃ ውስጥ ያደጋችሁ «ፓንክ ቀላል ነው» የምትሉ ካላችሁ ሁለት ደቂቃ ብቻ ሞክሩና አውሩኝ።

ስለ ኤሌክትሪኩ ባጭሩ። በ9 ቮልት ባትሪ ይሠራል፣ በአዳፕተርም ይሠራል። ባትሪ ከሆነ፣ ገመዱ መግቢያው ላይ እንደተሰካ ከተዋችሁት ፔዳሉ ባይረገጥም ባትሪው ያልቃል፤ ስለዚህ ስትጨርሱ ንቀሉት። አዳፕተር ከሆነ መሃሉ ኔጌቲቭ መሆኑን አይታችሁ ግዙ። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ የሌላ ድርጅት ርካሽ አዳፕተር ገዝቼ ድምፁ ሁሉ «ዝዝዝዝ» እያለ ሁለት ልምምድ አበላሸብኝ፤ ጥፋቱን ከፔዳሉ ፈልጌ፣ ከጊታሩ ፈልጌ፣ ከአምፑ ፈልጌ፣ መጨረሻ ላይ አዳፕተሩ ሆኖ ተገኘ። ሻጩ ግን አልቀበልም አለኝ። ለፔዳሉ ደኅና አዳፕተር ስቀይርለት ዝዝታው ጭጭ አለ።

ጆሮ። ይህን በተለይ ለእኩዮቼ ነው። በሥራ ቦታ የድምፅ መመዘኛ 85 ዴሲቤል ላይ 8 ሰዓት ይፈቀዳል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ስትደርሱ 15 ደቂቃ ብቻ ነው የሚቀረው። ትንሽ ክፍል ውስጥ ድራም ካለ 100 መድረስ ከባድ አይደለም። እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሙዚቀኛ የጆሮ መድፈኛ አደርጋለሁ፣ ልጆቹንም አስለምጃቸዋለሁ። ወረቀት ላይ ያለ ኖታ ሳልመታው የሚሰማኝ በዚህ ጆሮ ነው፤ ለማንም ጊታር አልሰጠውም።

ታዲያ ልግዛው ለምትሉ። የተለሰለሰ፣ የሞቀ፣ የብሉዝ ዓይነት ድምፅ የምትፈልጉ ከሆነ ይቅርባችሁ፤ ሌላ ፔዳል አለ። አምፓችሁ ራሱ ሹል ከሆነም ይደራረብባችኋል። ግን እንደ እኔ ከኖታ ወረቀት የመጣችሁ፣ ዲስቶርሽን ምን እንደሆነ ከውስጥ ማወቅ የምትፈልጉ፣ ቤት ውስጥ ማንንም ሳትረብሹ መጀመር የምትፈልጉ ሰዎች ከሆናችሁ ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም። ቀላል ነው፣ አይሰበርም፣ ያገለገለውንም ብትገዙ ለዓመታት ይሠራል። የኔም ከሰው እጅ የገዛሁት ነው፤ ጠርዙ ላይ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ይታያል፣ ማን እንደረገጠው አላውቅም፣ ብዙ እንደረገጠው ግን ያስታውቃል።

አሁንም ለኳርቴት እጽፋለሁ። ባለፈው የጨረስኩት ሥራ ሦስተኛ ክፍል ላይ ቪዮላውና ቼሎው 16 ባር ሙሉ በፓራለል ፊፍዝ ይወርዳሉ፣ ቀስቱ ክሮቹን ከፍ አድርጎ በሚይዘው ብሪጅ አጠገብ ተጭኖ፣ ሻካራ ሆኖ። የመጀመሪያው ንባብ ላይ ቼሎ ተጫዋቿ አቁማ «ይሄ ስህተት ነው ወይስ እንደዚህ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «እንደዚህ ነው፣ ጫን አድርጊው» አልኳት። ተጫወቱት። ከሁለቱ በታች አንድ ኦክታቭ የሚያህል፣ ማንም ያልጻፈው ድምፅ ሲያጉረመርም ሁላችንም ሰማነው።